የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ጅማ ለሥራ፣ ለሠርግ ወይም ለትምህርት የሚመጣ ሰው አንድ ግማሽ ቀን ሲተርፈው መጀመሪያ የሚያስበው ጅሬንን፣ የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን ኮረብታ ነው። ብዙዎች ግን ኮረብታው ላይ ወጥተው፣ ሰገነቱ ሥር አንድ ፎቶ ተነሥተው በሃያ ደቂቃ ይወርዳሉ። ከታች ያሉት መልሶች ጉብኝቱ ከዚያ የተሻለ እንዲሆን የተዘጋጁ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ቤተ መንግሥቱ በትክክል የት ነው?

ከጅማ መሃል ከተማ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ጅሬን ኮረብታ አናት ላይ ነው። ለባጃጅ ሹፌር «ጅሬን» ብቻ ብሎ መሳፈር በተደጋጋሚ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ጅሬን የሠፈርም ስም ስለሆነ ሹፌሩ ከዳገቱ ግርጌ ሊያወርድዎ ይችላል፤ ቀሪውን በእግር መውጣት ደግሞ ለለመደው እንጂ ለእንግዳ ቀላል አይደለም። «አባ ጅፋር መሰራ» ይበሉ። መሰራ በኦሮምኛ ቤተ መንግሥት ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ እንዴት ልምጣ?

በመኪና መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ በሰቆሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ በኩል ጅማ ይገባል። ጠዋት በ12 ሰዓት የተነሣ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ ስለዚህ በመጡበት ቀን ቤተ መንግሥቱን አያለሁ ብለው አያቅዱ። በአውሮፕላን ከሆነ አባ ሰጉድ ኤርፖርት ይወርዳሉ፤ በረራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ሁለቱም መንገድ ከተመቸዎት ግን ሲመጡ በመኪና ይምጡ እንላለን። የግቤ ሸለቆ ለታሪኩ መግቢያው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የሚባሉት አምስት መንግሥታት የግቤ መንግሥታት የተባሉት በዚሁ ወንዝና በገባሮቹ ስም ነው። መንገዱ ተጠማዝዞ ሲወርድ ሙቀቱ ይለወጣል፤ ያኔ መስኮት ከፍተው ይመልከቱ። ያ ገደልና ያ ወንዝ የነጋዴ ቅፍለትንም ሆነ የጦር ሠራዊትን ምን ያህል ያስቸግር እንደነበር በዓይን ይታያል።

የትኛው ወር ይሻላል? በስንት ሰዓት?

ከኅዳር እስከ የካቲት። ጅማ ዝናብ የማይሰስትባት ከተማ ናት፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሊዘንብ ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በጣም ይከብዳል። በክረምት መምጣት ግዴታ ከሆነ ጠዋት ይውጡ፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነውና።

ከሰዓት አንጻር ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው፤ ጭጋጉ ከኮረብታው ተነሥቶ ከተማው ከታች ወለል ብሎ ይታያል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል በኋላ አይድረሱ። የምሳ ሰዓት ስለሆነ የክፍሎቹን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ላይኖር ይችላል። ዓርብ ከሆነ ደግሞ በጁምዓ ሶላት ሰዓት አካባቢው ይጨናነቃል፤ አስጎብኚዎቹም ሊሰግዱ ይሄዳሉ።

መጀመሪያ ሙዚየሙን ልይ ወይስ ቤተ መንግሥቱን?

ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ይህ ነው። መልሱም ሙዚየሙን የሚል ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤቱ ያለው ኮረብታው ላይ ነው፤ የቤቱ ዕቃ ግን ከተማ ውስጥ ባለው የጅማ ሙዚየም ነው። አባ ጅፋርና ቤተሰባቸው የተገለገሉባቸው መቀመጫዎች፣ የጦር መሣሪያዎች፣ የቤት ዕቃዎች እዚያ ይታያሉ። ጅሬን ሲወጡ የሚያገኙት ወለል፣ ግድግዳ፣ ደረጃና ሰገነት ነው። ዕቃውን ሳያዩ የወጣ ሰው ባዶ ቤት አይቶ «ይኼው ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። ዕቃውን ያየ ሰው ግን በሐሳቡ እያንዳንዱን በየክፍሉ ያስቀምጠዋል፤ መቀመጫውን ከአዳራሹ፣ መሣሪያውን ከዘቦች ቤት ጋር ያገናኘዋል።

ለሙዚየሙ አንድ ሰዓት፣ ለቤተ መንግሥቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይመድቡ። በአንድ ጠዋት ሁለቱን ለማዳረስ ሙዚየሙ እንደተከፈተ ይግቡ። ከዋዜማው ሄዶ ወይም ሰው ልኮ ሙዚየሙ ነገ ክፍት መሆኑን፣ ጅሬን ላይ ደግሞ የእድሳት ሥራ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ አይቆጭም። የእንጨት ቤት ጥገናው አያልቅም፤ ፎቁ ተዘግቶ ምድር ቤቱ ብቻ የሚታይበት ጊዜ ሊኖር ይችላል።

ባጃጅ እንዴት ልነጋገር?

ኮንትራት፣ ደርሶ መልስ፣ ከጥበቃ ጋር። ሦስቱንም ቃላት ከመሳፈርዎ በፊት ይናገሩ። መሄጃውን ብቻ ተነጋግሮ የወጣ ሰው ሲመለስ ኮረብታው ላይ ባጃጅ ፍለጋ ይቆማል፤ ወይ በእግሩ ይወርዳል፤ ወይ የተጠየቀውን ይከፍላል። ሰዓቱንም ይቁረጡ፤ «ሁለት ሰዓት እንቆያለን» ካሉ ሹፌሩ ሒሳቡን በዚያ ያስባል። ሦስት አዋቂ ሰው የጫነ ባጃጅ ዳገቱ ላይ ሊያቃስት፣ ጭቃ ካለም ሊንሸራተት ይችላል፤ ሦስት ከሆናችሁና ዝናብ ካደረ መኪና መያዝ ይሻላል። ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለባጃጅ የሚሆን ዝርዝር ብር ከከተማ ይዘው ይውጡ። መታወቂያም አይርሱ፤ በአገራችን የቅርስ ቦታዎች የመግቢያ ዋጋ ለአገር ሰውና ለውጭ ዜጋ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል።

በግቢው ውስጥ ምን ልመልከት? ከየትስ ልጀምር?

ወዲያው ወደ ውስጥ አይግቡ። መጀመሪያ ዋናውን ቤት ከሜዳው ላይ ሆነው ፊት ለፊት ይዩት። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ በእንጨት ሰገነት የተከበበ ነው፤ ከሰገነቱ ሥር ክፍት የሆነው ግቢ ይታያል። ሰገነቱ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ንጉሡ ከላይ ሆነው ሕዝቡን የሚያዩበት፣ ሕዝቡም ንጉሡን የሚያይበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከታች ሆነው ወደ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ከላይ ሆነው ወደ ታች። ከላይ ሲያዩ ከግቢው ባሻገር ከተማውና ሸለቆው ይገለጣል። ነጋዴም ሆነ ጦር በየት በኩል ሲመጣ እንደሚታይ ያኔ ይገባዎታል፤ ቤቱ ለምን እዚህ እንደተሠራም ሌላ ማስረጃ አያሻም።

ቀጥሎ እንጨቱን ይመልከቱ። የሰገነቱ መከታ፣ የበርና የመስኮት ክፈፎች፣ የምሰሶው ራስ በእጅ የተጠረቡ ናቸው። የአሠራሩ መልክ ከአካባቢው የኦሮሞ ቤት ይለያል፤ የዐረብና የህንድ አሠራር የሚያስታውስ ነገር አለው። ይህም የሚያስገርም አይደለም። የጅማ ገበያ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ጋር በቅፍለት የተገናኘ ነበር፤ ጨርቁና ዕቃው በመጣበት መንገድ የቤት አሠራር ሐሳብም መጥቷል። ግድግዳው ግን የአገሩ ነው፤ እንጨትና ጭቃ።

ሦስተኛ፣ ከዋናው ቤት ዙሪያ ያሉትን ሌሎች ቤቶች አይለፏቸው። ሰው ሁሉ ፎቁ ላይ ይሮጣል። ነገር ግን መንግሥት የሚሠራው እዚያ ፎቅ ላይ ብቻ አልነበረም፤ የዘቦች፣ የእንግዶች፣ የዳኝነት ቦታ ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። አስጎብኚውን «ባለጉዳይ የመጣ ሰው ከበሩ ጀምሮ በየት በየት ያልፍ ነበር?» ብለው ይጠይቁት፤ «ይህ ክፍል ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ ብዙ ነገር ያወጣል።

በእንጨት ቤት ውስጥ ምን ልጠንቀቅ?

ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የእንጨትና የጭቃ ቤት የሚጎዳው በሦስት ነገር ነው፤ በውኃ፣ በምስጥና በሰው ክብደት። ዝናብ ከጣሪያው ጠርዝ ወርዶ መሬት ሲመታ የሚረጨው ውኃ የግድግዳውን እግር ያርሰዋል። ጭቃው ሲረጥብ ውስጡ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውን ደግሞ ምስጥ ከሥር ይይዘዋል። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስል ምሰሶ ከሥሩ ባዶ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱን ዞር ብለው ግርጌውን ቢያዩ የታደሰውና ያልታደሰው ቦታ ይለይልዎታል።

ስለዚህ ደረጃውን አንድ በአንድ ይውጡ። የሰገነቱ መከታ ላይ አይደገፉ፤ ልጅም አያስቀምጡበት። ለቡድን ፎቶ አሥር ሰው አንድ ጥግ ላይ መቆም ቀርቶ አምስትም ብዙ ነው፤ ክብደቱ በአንድ ወራጅ ላይ ያርፋል። ፎቶው ከታች፣ ከሜዳው ቢነሣ ቤቱም አብሮ ይወጣል። ጭቃ የያዘ ጫማ ከመግባትዎ በፊት ይጥረጉ፤ ጠጠሩ በእግር ሲታሽ ወለሉን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስም መጻፍና መቅረጽ ማንም የማይፈቅደው ነው፤ እንዲህ ሲያደርግ ያዩትን ሰው መገሠጽም የእርስዎ ድርሻ ነው።

አባ ጅፋር ስንት ናቸው?

ሁለት። ቀዳማዊ አባ ጅፋር በ1822 ዓ.ም. ገደማ የጅማን መንግሥት የመሠረቱት ናቸው፤ እስልምናን የተቀበሉትም እሳቸው ናቸው። መጠሪያ ስማቸው ሰና ነበር። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው፤ «የጅፋር ጌታ» እንደማለት፤ በኦሮሞ ዘንድ ጦረኛ ሰው በፈረሱ መጠራት ወግ ነው። ከእሳቸው በኋላ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል ነገሡ። ቤተ መንግሥቱ የሚታወቀው በዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። የአባ ጎሞል ልጅ ናቸው፤ በ1870 ዓ.ም. ገደማ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነግሠው ከሃምሳ ዓመት በላይ ገዙ። ስለ እናታቸው ስለ ጉሚቲም ይጠይቁ፤ በምክራቸው የታወቁ እመቤት ነበሩ።

አገሩ «ጅማ አባ ጅፋር» የተባለውም ከሌሎቹ ጅማዎች ለመለየት ነው። ወለጋ ውስጥ ጅማ ሆሮ፣ ጅማ ራሬ፣ ጅማ ጋነቲ የሚባሉ አሉ።

መንግሥቱ እንዴት ይተዳደር ነበር?

አገሩ ወደ 60 በሚጠጉ ወረዳዎች የተከፈለ ነበር፤ እያንዳንዱን አባ ቆሮ የሚባል ሹም ይመራዋል። ዳር ድንበሩ ላይ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዋል፤ መግቢያና መውጫው በኬላ ነው፤ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍለው እዚያ ነው። ገበያው ሂርማታ ነበር፤ የዛሬዋ ጅማ ከተማ ቁጭ ያለችበት። የሸዋና የከፋ መንገድ የሚገናኝበት ስለሆነ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሳምንት እስከ ሠላሳ ሺህ ሰው ይገበይበት እንደነበር ተጽፏል። ሂርማታ የሚለው ስም እስከ ዛሬ በከተማው ሠፈሮች ላይ አለ።

ሌሎቹ ሲወጉ ጅማ እንዴት ሳትወጋ ቀረች?

በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲያሸንፉ፣ ከግቤ ማዶ ያለው አገር በማን እጅ እንደሚገባ ለየ። አባ ጅፋር አልተዋጉም፤ ገበሩ። ግብሩን በየዓመቱ ይልካሉ፤ በምላሹ የውስጥ አስተዳደራቸው አልተነካም፤ ቤተ ክርስቲያን አልተተከለም፣ ነፍጠኛ አልሰፈረም። ወሊሶን እንዳለፉ ጀምሮ ያለውን የአገሩን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋጋ ግን ነበረው። አባ ጅፋር በ1887 ዓ.ም. በወላይታ፣ በ1889 ዓ.ም. በከፋ ላይ በተደረጉት ዘመቻዎች ከምኒልክ ጎን ተሰልፈዋል። ይህንን አስጎብኚው ካላነሣው እርስዎ ያንሡት፤ የጅማ መዳንና የጎረቤቶቿ መወጋት የአንድ ታሪክ ሁለት ገጽ ነው።

ስለ ባሪያ ንግድ መጠየቅ ነውር ነው?

በጭራሽ። ሂርማታ በቡና፣ በዝባድ፣ በዝሆን ጥርስና በጨው ብቻ አልበለጸገችም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ከሚሸጥባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ቤተ መንግሥቱም ከዚያ ሀብት ውጭ አልቆመም። ልጆች ይዘው ከመጡ ይህንን ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ሰገነቱን ማድነቅና ይህንን ማወቅ አይጣሉም።

መንግሥቱ መቼ አበቃ?

በ1924 ዓ.ም. ገደማ፣ አባ ጅፋር አርጅተው በታመሙበት ጊዜ፣ ልጅ ልጃቸው አባ ጆፊር ሥልጣኑን ለመያዝ ሲሞክሩ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጅማን በቀጥታ በማዕከላዊ መንግሥት ሥር አደረጓት። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ገባ፤ ከአዌቱ ወንዝ ዳር የአሁኑን ከተማ ዘርግቶ የጋላና ሲዳሞ ግዛት ብሎ ለሰየመው አገር ዋና ከተማ አደረጋት። መሃል ከተማ ውስጥ የሚያዩዋቸው ወፍራም ግድግዳ ያላቸው አሮጌ ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ናቸው። ከተማዋ ነፃ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የጅሬን ቤት እንጨት፣ የከተማው ድንጋይና ሲሚንቶ፤ በአንድ ጠዋት ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል።

ወደ መስጊዱ መግባት ይቻላል?

ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለው የቤተሰቡ መስጊድ ዛሬም ይሰገድበታል፤ ሙዚየም አይደለም። ፈቃድ ይጠይቁ፣ ጫማ ያውልቁ፣ ሴቶች ሻሽ ይያዙ፣ የሚሰግድ ሰው ፎቶ አያንሡ። ለሽማግሌዎቹ «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ ሲሸኙዎትም «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለት በር ይከፍታል። አማርኛው ይገባቸዋል፤ ግን በቋንቋቸው ሰላም ያለ እንግዳ ሌላ ወንበር ይሰጠዋል። የንጉሡ መቃብር ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ሲመለሱ ሹፌሩ እንዲያቆምልዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ ካልነገሩት ያልፈዋል።

የጅማ በርጩማ መግዛት እፈልጋለሁ፤ ምን ልይ?

እውነተኛው የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር ነው፤ መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ይጠረባሉ፤ የተለመደው እንጨት ዋንዛ ነው። ገልብጠው ይዩት። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሙጫ ወይም ምስማር ካለ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው።

ትልቁ ችግር መሰንጠቅ ነው። እርጥብ እንጨት ተጠርቦ ወዲያው ከተሸጠ፣ ከጅማ እርጥበት ወጥቶ ደረቅ አገር ሲገባ ከውጭ ፈጥኖ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከመጠን በላይ የሚከብድና ሲነኩት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ገና አልደረቀም። የግንዱ እምብርት መቀመጫው መሃል ላይ የወደቀበትም ይሰነጠቃል፤ ክብ ክብ መስመሮቹ ሁሉ የሚከቡትን ነጥብ ፈልገው፣ ከመቀመጫው ውጭ የሆነለትን ይምረጡ። ቤት ሲደርሱ ከፀሐይና ከምድጃ አርቀው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሦስት አራት ሳምንት ያቆዩት፤ ከዚያ በኋላ ዘይት ቢቀቡት ይይዛል።

ግማሽ ቀን ቢተርፈኝስ?

ሐሙስ ከሆነ ገበያ ይሂዱ፤ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ቡና፣ ማር፣ ቅርጫትና በርጩማ በብዛት ይወጣል፤ ማር ሲገዙ ቀምሰው ይግዙ፤ ዕቃውም በጉዞ እንዳያፈስ ክዳኑን በፕላስቲክ አሳስረው ይያዙ። ሌላ ቀን ከሆነ ከከተማው ዳር ወዳለው ቦዬ ረግረግ ይውጡ፤ ወፍ ይበዛበታል፣ ጉማሬም አለው። ጉማሬው ቀን ቀን ውኃ ውስጥ ነው፤ አመሻሽ ላይ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከ11 ሰዓት በኋላ በውኃውና በሣሩ መካከል አይቁሙ።